ኦሎሞውትስ ሳንሄድ የቀረነው በእኔ ነው

በፈረንጆቹ 2023 ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ሃያ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በዚያ ዓመት በአንድ ወዳጄ ላይ የሠራሁት ነገር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይለፈኝ። ነገሩን ግን አላጣምመውም።

ወዳጄ መርሻ ይባላል፤ እዚሁ አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። እኔ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስሠራ እሱ ከማቆሚያው አጠገብ ያለ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ምሳ አብረን በልተናል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከልጁ ከሰላም ጋር ነው ያለው። ሲያዩት ዝምተኛ ይመስላል፤ የኦሎሞውትስ ነገር ከተነሳ ግን የሚያስቆመው የለም።

ኦሎሞውትስ የቼክ አገር ከተማ ናት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፕራግን ነው፤ ይችኛዋን እኔ ከመርሻ አፍ በቀር ከማንም ሰምቼ አላውቅም። በሃያ ሰባት ዓመቱ ለሙያ ተልኮ እዚያ የትራክተር ጥገና ተምሯል፤ ሦስት ዓመት ኖሯል። አደባባዩ ላይ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከፎቅ የሚረዝም ሰዓት አለ አለኝ። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ንጉሥና መልአክ ይሥላሉ፤ እዚያ ግን የተሣለው መፍቻ የያዘ ሠራተኛ ነው። ልክ እኩለ ቀን ሲሆን ትንንሽ የሠራተኛ ምስሎች እየዞሩ ይወጣሉ፣ ዶሮም ይጮሃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተው ሲወጡ መርሻና ጓደኞቹ የሚገናኙት ከዚያ ሰዓት ሥር ነበር።

"ደምሴ፣ መካኒክን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያከበረ ከተማ በዕድሜዬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው" ይለኛል።

በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሐኪሙ ኩላሊቱ ሥራ ሊያቆም ጥቂት እንደቀረው ነገረው። ሰመር ሲገባ እጥበት ይጀምራል። እጥበት ከተጀመረ በሳምንት ሦስት ቀን ወንበር ላይ ነው፤ ለሱ ሩቅ አገር ከዚያ ወዲያ የማይታሰብ ነገር ነው። መርሻ "ከዚያ በፊት ለአንድ ዊክኤንድ ብሄድስ?" ብሎ ሐኪሙን ጠየቀው። ሐኪሙ ፈቀደና ሁለት ነገር አዘዘው፤ ከአራት ቀን እንዳይበልጥ፣ ብቻውንም እንዳይሄድ።

ሰላም አዲስ ሥራ ስለጀመረች ፈቃድ አላገኘችም። ስለዚህ መርሻ ወደ እኔ ዞረ። "ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?" አለኝ። "እንሄዳለን እንጂ!" አልኩት። አፌ ቀደመኝ።

እዚህ ላይ ያኔ ያልተናገርኩትን ልናገር። እኔ የአሜሪካ ዜጋ አልነበርኩም። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ግን ዜጋ እመስለው ነበር። ባለቤቴ ብርቄ ከብዙ ዓመት በፊት ተፈትና አልፋለች። የዜግነቱን መሐላ የማለች ቀን አብሬያት ሄጄ ትንሽ ባንዲራ አስይዘው ፎቶ አነሱን። ፎቶው ሳሎን ተሰቀለ። የመጣ እንግዳ ሁሉ "እንኳን ደስ አላችሁ" ይላል፤ እኔም "እንኳን አብሮ ደስ አለን" እላለሁ። የማለችው እሷ ብቻ ናት ለማለት አንድ ቀን ዘገየሁ። ቀኑ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ዓመት ሆነ።

ከዚህም የባሰ አለ። ምርጫ ሲመጣ ብርቄን በመኪና አድርሼ ውጭ እጠብቃታለሁ። ስትወጣ "መርጫለሁ" የምትለዋን ተለጣፊ ከእጇ ወስጄ ኮቴ ላይ እለጥፋለሁ። እሷ እየቀለድኩ ይመስላታል። መርሻ "ማንን መረጥክ?" ሲለኝ "ይሄማ ምስጢር ነው" እላለሁ።

ያልሞከርኩም አልነበረም። አንድ ጊዜ ለፈተናው ማዘጋጃ ክፍል ገብቼ ነበር። አስተማሪዋ እንግሊዝኛ ጮክ ብዬ እንዳነብ ነገረችኝ። ሁለት ቃል ላይ ተደናቀፍኩ፤ ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። በሌላ ነገር ስቆ ይሆናል፣ አላውቅም። ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልሄድኩ። ግትር ነህ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ቼክ አገር ለጉብኝት ሲሄድ ቪዛ አይጠየቅም። እንደ እኔ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ይጠየቃል። የእኔ ፓስፖርት ደግሞ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ጉዞው የታሰበው ለሜይ መጨረሻ ነው። ያኔውኑ አፍ አውጥቼ ብናገር ሁሉም ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ለብርቄም ሳልነግር ስለ ቪዛው ልጠይቅ የቪዛ ጉዳይ የሚያስፈጽሙ ሰዎች ጋ ሄድኩ፤ የሚሞላውን ቅጽ አሳዩኝ። ብዛቱን አየሁና "ነገ እመጣለሁ" ብዬ ተመለስኩ። ነገ አልሄድኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሌክሳንድሪያ እየሄድኩ ከመርሻ ጋር ስናቅድ እንውላለን። የመድኃኒት ከረጢት ቀዶ ጀርባው ላይ የከተማውን ካርታ ሣለልኝ።

"ሐሙስ ማታ ከደላስ ኤርፖርት እንነሳለን፤ ዓርብ ጠዋት ቪየና። ከዚያ በባቡር ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ዓርብን እናርፋለን። ቅዳሜ እኩለ ቀን ከሰዓቱ ሥር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጨረስን።"

"ለዶሮ ጩኸት ነው ውቅያኖስ የምታሻግረኝ?"

"አይብም አበላሃለሁ። የሚሸት አይብ አላቸው፤ እሱን በልተህ ትራም ስትሳፈር ሰው ይሸሽሃል።"

"እኔን ሳልበላም ይሸሹኛል።"

ሰላም ከጓዳ ሆና ትስቃለች። መርሻ ይቀጥላል። "እሑድ የተማርኩበትን ወርክሾፕ አሳይሃለሁ። ፈርሶ ከሆነም የፈረሰበትን ቦታ አሳይሃለሁ። ሰኞ እዚህ ነን። በል አሁን ዶብሪ ዴን በል።"

"ዶብሪ ዴን።"

"እንደ ተቆጣ ሰው አትበለው፤ ሰላምታ እኮ ነው!"

እንዲህ ስንል እኔው ራሴ የምሄድ እየመሰለኝ መጣ። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው ስላለኝ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ገዛሁ። ሰው የራሱን ውሸት ሲያምን እንዲህ ነው።

ማርች ላይ ሰላም ደወለችልኝ። "ጋሽ ደምሴ፣ ሆቴሉን ይዣለሁ። ቲኬቱን ቡክ ላደርግ ስለሆነ የፓስፖርትዎን ፒክቸር ቴክስት ያድርጉልኝ።"

"እሺ የኔ ልጅ" አልኩ። በሳምንቱ ስትደውል "ብርቄ የት እንዳስቀመጠችው እንጃ" አልኩ። በሌላው ሳምንት "ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ጠፋ" አልኩ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ሲሪየስሊ? ቅዳሜ እኔ ራሴ መጥቼ ልፈልግልዎት?"

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። "አትልፊ፣ ቅዳሜ እኔ ይዤው እመጣለሁ" አልኳት።

ቅዳሜ ቤልትዌይ ላይ ስነዳ የምናገረውን አጠናሁ። "መርሻ፣ እኔ ዜጋ አይደለሁም፣ ዋሽቼሃለሁ።" ከዚህ አይበልጥም። ሕንጻው ሥር መኪናዬን አቁሜ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወጣሁ።

መርሻ ሻንጣውን ሶፋ ላይ ከፍቶ ጠበቀኝ። ጉዞው ገና ሰባት ሳምንት ይቀረዋል። ሻንጣው ውስጥ አንድ መፍቻ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ሲመረቅ አሠልጣኙ የሰጠው መፍቻ ነው፤ ዘይት ቀብቶ ወልውሎታል። "ይችን ይዤ ከሰዓቱ ሥር እቆማለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰውዬ መፍቻውን ይዞ፣ እኔም መፍቻዬን ይዤ። አንተ ታነሳኛለህ" አለኝ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ሆኗል።

ያን ፊት ሳይ ያጠናሁት ጠፋብኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

"እኔ አልሄድም" አልኩ።

"ምን ሆንክ?"

"ምን አለው ከተማህ? ማንም የማያውቀው መንደር! ፓሪስ ቢሆን እሺ፣ ፕራግም ቢሆን እሺ። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ አሮጌ ሰዓት አልንከራተትም። አንተስ እዚያ ቅባት ስትጠርግ ነው የኖርከው፤ ምኑ ናፈቀህ?"

መርሻ መፍቻውን መልሶ ጠቀለለ። "እሺ ደምሴ" አለ። "መንገዱም ይከብዳል፤ ልክ ነህ።" ቢሰድበኝ፣ ከቤቴ ውጣ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ አብሮ የሚሄድ ሰው ፈለጉለት። ውድብሪጅ ያለ የአጎቱ ልጅ ሥራ አይለቀኝም አለ። ሜይ አለፈ። ጁን ላይ እጥበት ጀመረ። ብርቄ ስትጠይቀኝ "መርሻ የሆነ ቦታ ሊሄድ አስቦ ነበር፣ ተወው" አልኳት። ማክሰኞና ሐሙስ ሰላም ሥራ ስለሆነች ወደ እጥበት የማደርሰው እኔ ሆንኩ። መኪና ውስጥ ስለ ሬዲዮው ወሬ፣ ስለ ትራፊኩ እናወራለን። ኦሎሞውትስ የምትባል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። እኔም ያን ወፍራም ጫማ አድርጌ እነዳለሁ።

ኖቬምበር ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ከብርቄ ጋር ልንጠይቀው ሄድን። ጨው የሌለው ምግብ ሠርታ ይዛለታለች። መስኮቱ ደፍ ላይ ያ የተጠቀለለ መፍቻ ተቀምጧል።

"ይሄ ምንድነው መርሻ?" አለችው።

"ኦሎሞውትስ ይዤው ልሄድ የነበረ ነው። ባልሽ ከተማዬን ናቀብኝና ሁለታችንም ቀረን" አላት፣ እየቀለደ።

ብርቄ ዞራ አየችኝ። "እሱ አብሮህ ሊሄድ ነበር? በምን ፓስፖርቱ?"

"በአሜሪካ ፓስፖርቱ ነዋ!"

"ደምሴ? ደምሴ መቼ ማለና!"

ሰላም ስልኳን አስቀመጠች። እኔ ጫማዬን ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ክፍል ውስጥ የሳቀብኝን ሰው፣ ቅጹን አይቼ መመለሴን፣ የጠፋ ቁልፍ አለመኖሩን።

"ፎቶውስ?" አለ መርሻ።

"ፎቶ ብቻ ነው።"

"ተለጣፊውስ?"

"የብርቄ ነው።"

ሳቀ። ሲስቅ ቆየና ድንገት አቆመ። "ደምሴ፣ እኔ በምን ቋንቋ የተፈተንኩ ይመስልሃል?"

"በእንግሊዝኛ ነዋ።"

"በአማርኛ ነው! ዕድሜው ገፍቶ ግሪን ካርዱም ብዙ ዓመት የቆየ ሰው አስተርጓሚ ይዞ በቋንቋው ይፈተናል። እኔ ከእንግሊዝኛ የማውቀው ብሬክና ክላች ነው። አንተ ጋ መጥቼ ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር፣ ደምሴ በእንግሊዝኛ አልፎ እኔ በአማርኛ አለፍኩ እያልኩ እያፈርኩ ዝም አልኩህ።"

አሥራ ስምንት ዓመት ምሳ አብረን የበላን ሰዎች፣ ሁለታችንም በአንድ ነገር ስናፍር ኖረናል።

ሰላም እንባዋ መጣ። "ጋሽ ደምሴ፣ የቪዛውን ፎርም እኮ እኔ እሞላልዎት ነበር። ጊዜ ነበረን" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ስንወጣ በሩ ላይ መርሻን ይቅርታ ጠየቅኩት። እጄን ይዞ "ቅባት ስትጠርግ ያልከኝ ነው የከፋኝ" አለ። "እሱንም ትቼልሃለሁ። ያችን ቅዳሜ ግን ከየት ታመጣታለህ?"

መርሻ አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን እዚያው ወንበር ላይ ነው፣ ደክሟል። አሁንም አደርሰዋለሁ፤ አሁን ግን ስለ ሰዓቱ ያወራልኛል፣ እኔም እሰማለሁ። ሲያወራ የሚያየው ያንን አደባባይ ነው፤ እኔ የማየው ግን ያን ቅዳሜ የከፈተውን ሻንጣ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ያልሆንከው ነገር ካለ አይደለሁም በል። እኔ ያች አንዲት ቃል ከብዳኝ የሰው ምኞት አስቀረሁ።

ያ የኖቬምበር እሑድ ባለፈ በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ብርቄ ሳትነሳ ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩ። ከዚያ በእግሬ ወደ ላይብረሪ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሴት የዜግነት ፈተና መጽሐፉን አወጣችልኝና "ለልጅዎ ነው ወይስ ለባለቤትዎ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"ለእኔ ነው" አልኳት፤ በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ።