ለጠባብ አፍ የተሠራ ብርጭቆ

ጥሩብርሃን ሣህሌ ጂንካ አካባቢ ባለችው የካኮ ቀበሌ ዝናብ ትለካ ነበር። ሥራዋ ይኸው ነው፤ አትሳቁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ከቤቷ ጓሮ በሽቦ ወደታጠረችው ቦታ ትገባለች። ክብ አፍ ባለው መለኪያ ውስጥ ያደረውን ውሃ ወደ መስፈሪያ ብርጭቆ ትገለብጣለች፣ ዐይኗን ከውሃው እኩል ዝቅ አድርጋ ታነባለች፣ መዝገቧ ላይ ትጽፋለች። ባይዘንብም ዜሮ ብላ ትጽፋለች። ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። አባቷ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የከተሙ ሰው ነበሩ፤ ባሏ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፣ ሞቶባታል። ከ1966 ጀምሮ አንድ ጠዋት አላጎደለችም። ልጇን በወለደችበት ጠዋት እንኳ ጎረቤቷን ተዋበችን ልካ፣ ብርጭቆውን እስከ አልጋዋ አስመጥታ አንብባለች።

ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱ ጂንካ ይሄዳል። እዚያ ያለው ቢሮ ደግሞ ወረቀቱን አይቶ የትኛው አገር ተርቧል፣ የትኛው ጠግቧል ብሎ ይወስናል። የሰው ሆድ ሳይታይ ወረቀት ይታያል! ይቺን ያዙልኝ።

በ1975 ግንቦት ላይ ፍየል ገብታ ብርጭቆውን ሰበረችው። ጥሩብርሃን ጂንካ ሄዳ ሌላ ጠየቀች። የመጋዘኑ ሰው ከመደርደሪያ አንድ አወረደና አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሰጣት።

«ይኼ ከቀድሞው ቀጠን አላለም?» አለችው።

«እናቴ፣ ብርጭቆ ብርጭቆ ነው። ፈርሚ።»

ፈረመች። ይቺን ፊርማ አልደብቅላትም፤ እሷም ደብቃት አታውቅም።

በ1977 የካኮ ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። የእርዳታ እህል የሚደርሳቸው ቀበሌዎች ዝርዝር ሲወጣ ጎረቤት ቀበሌው ወይጦ አለ፣ ካኮ የለም። ምክንያቱ አንድ መስመር ናት፦ «መደበኛ ዝናብ አግኝቷል።» አለቀ።

በገበያ ቀን ኤርጎ የሚባል የበና ብሔረሰብ ሰው፣ ከእጁ የማትለየውን ትንሽ በርጩማ አንጠልጥሎ ጥሩብርሃን ፊት ቆመ። ልጆቹን አሪ ደጋ ላይ ካለ ወዳጁ ዘንድ አድርሶ መመለሱ ነበር፤ ቤቱ የሚበላ የለም።

«አንቺ ዝናብ የሚጽፈው ሴትዮ» አላት፤ አማርኛውን የለመደው ገበያ ላይ ነው። «ያ የጻፍሽው ውሃ የታለ? ማሽላ አልጠጣም። ከብት አልጠጣም። እኔ አልጠጣም። ብቻሽን ጠጣሽው?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። የጥሩብርሃን ፊት ጠቆረ።

«እኔ ጠብታ አልጨመርኩም፣ ኤርጎ! አሥራ ስድስት ሲል ነው አሥራ ስድስት ብዬ የምጽፈው።»

«ማን ነው አሥራ ስድስት የሚል?»

«ብርጭቆው ነዋ።»

«እንግዲያ ብርጭቆው ሌባ ነው።»

ከኸይሩ ሱቅ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ አራት ማዕዘኑን፣ ለምኖ አመጣ። አናቱን በቢላዋ ቆርጦ አነሣና እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«ይኼን ከብረትሽ አጠገብ አድርጊ። ማንበብ አያውቅም፤ አይዋሽም።»

ተናደደች። ቢሆንም ቆርቆሮውን ይዛ ገባች። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዝናቡ የጣት ውፍረት ከሞላ የጣት ውፍረት ዘንቧል ማለት ነው፣ የልጇ ማስመሪያ ይበቃዋል። መጀመሪያ ሲዘንብ ቆርቆሮው አምስት ሚሊ ሜትር አለ፣ ብርጭቆው ስምንት። ነፋስ ይሆናል ብላ ቦታቸውን አለዋወጠች። ሁለተኛው ዝናብ ቆርቆሮው ላይ አሥር፣ ብርጭቆው ላይ አሥራ ስድስት። ቆርቆሮው ያፈስ ይሆናል ብላ ውሃ ሞልታው ዋለች፤ ጠብ አላለም። ሦስተኛው መጣ፤ አሥራ አምስትና ሃያ አራት።

«ነፋስ ቢሆን አንድ ቀን ወዲህ፣ አንድ ቀን ወዲያ ባለ» አለቻት ለተዋበች። «ይኼ እኮ እንደ ወታደር በአንድ እርምጃ ነው የሚሄደው። ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ሁልጊዜ እኩል!»

ያን ጊዜ ብርጭቆውን ገልብጣ ቂጡን አየች። ለስንት ሴንቲ ሜትር አፍ እንደተሠራ በደቃቅ ቁጥር ተጽፎበታል፦ 12.7። የመለኪያዋን አፍ በማስመሪያ ለካች፤ አሥራ ስድስት። ሰፊ አፍ ብዙ ውሃ ይሰበስባል፤ ለጠባብ አፍ የተሠራው ብርጭቆ ግን ያን ሁሉ ውሃ የብዙ ዝናብ አድርጎ ይቆጥረዋል። ብርጭቆው ጤነኛ ነበር። መለኪያውም ጤነኛ ነበር። የዋሸው ጋብቻቸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አሥሩ ዝናብ አሥራ ስድስት እየተባለ ጂንካ ሄዷል።

አላለቀሰችም። ቀይ እስክሪብቶ አነሣች። ከግንቦት 1975 ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ለአንድ ነጥብ ስድስት አካፍላ፣ እውነተኛውን በአጠገቡ ጻፈች። ከዚያ መለኪያውን፣ ብርጭቆውንና ቆርቆሮውን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ፣ በጭነት መኪና ላይ ቁጭ ብላ ጂንካ ገባች።

የቢሮው ኃላፊ ጓድ ወንድይፍራው ሁሉንም አየ። ማስመሪያውን ራሱ ይዞ ለካ። ሞኝ አልነበረም፤ ቶሎ ገባው። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

«ጥሩ። አዲስ ብርጭቆ ይሰጥሻል። ከእንግዲህ በዚያ ለኪ። ያለፈው አልፏል» አለ።

«ጓድ፣ እህሉ የተከለከለው በነገው ዝናብ አይደለም። ባለፈው ነው።»

«ሪፖርቱ ተልኳል እኮ! የሁለት ዓመት ሪፖርት ውሸት ነበር ልበል?»

«አዎ፣ ይበሉ። የኔም ፊርማ አለበት፤ ከኔ ይጀምሩ።»

«የመንግሥት መረጃ ማዛባት አሻጥር እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። አሻጥሩ ግን ዐውቆ ዝም የሚለው ዘንድ ነው።»

በሩ ላይ የቆሙት ባለጉዳዮች አንገታቸውን አሰገጉ። ወንድይፍራው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መሣሪያው ጉድለት የለበትም» የሚል ወረቀት አስተይቦ አዲሱን ብርጭቆ ከላዩ አስቀመጠላት። ፈርመሽ ውሰጂ ማለቱ ነው።

«እህቴ፣ ልጅ አለሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ታገሺ።»

«ንጋት ይጠራ፣ ማን ከለከለው? ማሽላ ነው አድሮ የማይጠራው። አንድ ጊዜ ሳላይ ፈርሜያለሁ፣ ጓድ። አሁን ግን አይቻለሁ።»

ብርጭቆውን ሳትነካ ወጣች። ፖስታ ቤት ገባች፤ ቀዩን ቁጥር ሁሉ በእጇ ገልብጣ፣ ከላይ ስሟን፣ ከታች የኤርጎን የጣት አሻራ አድርጋ ያዘጋጀችውን ቅጂ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ላከች። ይኼን ያደረገችው ሰው ባነሰ ነገር በሚታሰርበት ዘመን ነው።

ሁለት ወር ፈጀ። በሁለት ወር ውስጥ ኤርጎ አሥራ አንድ ከብት ቀበረ። የታመሙ ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ ስማቸውን የጻፈ የለም፤ ከዝርዝር ውጪ የሆነ ሰው መዝገብ የለውማ።

በሦስተኛው ወር ሁለት ሰዎች ከላይ መጡ፣ ለኩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ታናሽየው ከአጥሩ ጀርባ ወስዶ «ልክ ነሽ፣ እትዬ» አላት። ከአጥሩ ጀርባ! በሳምንቱ እህል የጫኑ መኪኖች ካኮ ገቡ። ምክንያቱም ተጽፎ መጣ፦ «በድንገተኛ የተምች መንጋ ጥፋት ለደረሰበት ሕዝብ።» ጥሩብርሃን የዐይን ምስክር ሆና እንድትፈርም ወረቀቱ ተዘረጋላት።

«የትኛው ተምች?»

«አንቺ ደግሞ! እህሉ መጣ አይደል?» አለ ወንድይፍራው። «ምን ቸገረሽ?»

«እህሉን ያራግፉ። እኔ ተምች አላየሁም። እኔ ያየሁት ብርጭቆ ነው።»

እህሉ ተራገፈ፤ እሷ ከሥራ ተሰናበተች። በእሷ ምትክ የተቀጠረው ሰው አዲስ ብርጭቆ ተሰጠው፤ ትክክለኛው ነው። የሁለቱ ዓመት ሐሰተኛ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ከነማኅተሙ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ነገ አንዱ ተማርኩ ባይ አውጥቶ «ካኮ በ76 ጥሩ ዘንቦላት ነበር» ብሎ ይጽፍበታል፤ ይኸው ብያለሁ።

እሷ ዛሬም ሦስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮዋን ትለካለች። ኤርጎ ለገበያ ሲያልፍ ከአጥሩ ውጪ ሆኖ «ስንት?» ይላታል።

«አራት።»

«የብርጭቆ ነው የቆርቆሮ?»

«የቆርቆሮ!»

«እህ፣ እንግዲያ ዘንቧል።»

ቀይ የተጻፈበት ደብተር ሳጥኗ ውስጥ ነው። የጂንካው ቢሮ አዲስ ኃላፊ ካኮ በመጣ ቁጥር አውጥታ ፊቱ ትዘረጋለች፤ ይታረም ትላለች። እስካሁን ሦስት ኃላፊዎች አገላብጠው መልሰውላታል። አራተኛው ሰኞ ይመጣል ተብሏል። ደብተሩን ከአሁኑ አውጥታ አቧራውን ጠርጋለች።