የምትመለሰው ልጅ አባት

ሰውየው ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሴት ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ተቀምጧል። ግዙፍ ነው፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ጠብቦት የተዋሰው ይመስላል። የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን ከሱ ላይ መንቀል አቅቷታል። ልጅቷን ያለ እናቷ ፈቃድ ድንበር አሻግሮ ያመጣት እሱ ነው። ለምን ብለው ሲጠይቁት «ድምጿን ልረሳው ነው ብዬ ፈራሁ» አለ አሉ። ጥበቃዋ ክፉ ሰው ነበር የጠበቀችው፤ እሱ ግን በሻካራ ጣቶቹ የልጁን ጸጉር ሲጎነጉን፣ ሲያበላሽ፣ እንደገና ሲፈታ ነው የዋለው።

አሁን ዳኛዋ ወስነዋል። ልጅቷ ወደምትኖርበት አገር ትመለሳለች፤ ማን ያሳድጋት የሚለውን የሚያየው የዚያ አገር ፍርድ ቤት ነው።

ልጅቷ እንቅልፍ ሳይጥላት በፊት «አባዬ፣ ተሸነፍክ እንዴ?» ብላው ነበር።

«ወደ ትምህርት ቤትሽ፣ ወደ ጓደኞችሽ ትመለሻለሽ፤ ይሄ ምኑ ሽንፈት ነው የኔ እናት?» አላት። ከዚያም ጸጉሯን እንደገና መጎንጎን ጀመረ።

እናትየዋ ከችሎቱ ወጣች። ጥበቃዋ ጭቅጭቅ ይነሳል ብላ ተጠጋች። እናትየዋ ልጇን ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ ሰውየው ቀና ብሎ አያት።

«አሁን ገና ነው የተኛችው» አለ በሹክሹክታ፤ «ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እባክሽ፣ እስክትነቃ ቁጭ በይ።»

ጠጋ አለላት። እናትየዋ ጥቂት አመንትታ ተቀመጠች፤ የልጅቷንም እግሮች ቀስ ብላ ወደ ጭኗ ሳበች።

ኮሪደሩ የሚዘጋበት ሰዓት ደርሷል። ጥበቃዋ ግን ቁልፎቹ እንዳይንሿሹ በእጇ ጨብጣ፣ ኮቴዋን አጥፍታ ራቀች።