የባሕሩ አረንጓዴ

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነበር። ከመርከቦቹ ቀድሞ ይወርድና ፈንጂ አለመኖሩን ያያል። ባሕር የት፣ ደባርቅ የት! እኛ የምናውቀው ውሃ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨውን የምንጭ ውሃ ብቻ ነው።

አንድ ሐምሌ ለፈቃድ ሲመጣ፣ ሲታተም ጠርዙ ተበላሽቶ የተጣለ የሳተላይት ፎቶ ይዞልን መጣ። ከሰማይ የተነሣ ቀይ ባሕር ነው። መሐሉ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ።

እናቴ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ አረንጓዴው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ገበሬ ናት፤ ሌላ ምን ታስብ?

"ለምለሙ ጋ ይመድቡህ፣ ልጄ" ብላ መረቀችው።

ወንድሜ ሳቀ። አረንጓዴው ደቃቅ የባሕር ቡቃያ የበዛበት ድፍርስ ውሃ መሆኑን፣ እዚያ የወረደ ጠላቂ የገዛ እጁን እንኳ እንደማያይ፣ አለቆቹም እንዲህ ያለ ፎቶ እያዩ ውሃው የጠራበትን ቦታ እንደሚመርጡ አስረዳት። ሁልጊዜ ግን መምረጥ አይቻልም አለ። ምነው ያችን ባይጨምራት!

ነሐሴ ሳይገባ ወደ ምጽዋ ተመለሰ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደ ወጉ ከእኩዮቼ ጋር ወጥቼ እንግጫ ነቀልኩ። ይህን ለምለም ሣር ጎንጉነን ምሰሶው ላይ ስናስር፣ ዓመቱ እንዲለመልም የምትመርቀው እናቴ ናት። ያን ዓመት ግን እጄን ያዘችኝ።

"ተይው። ከዚህ ቤት አረንጓዴ አይለመንም። ውሃው ይጥራለት።"

አኩርፌ እንግጫዬን ለጎረቤት ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ መስከረም በጠባ ቁጥር ምሰሷችን ባዶውን ነው። ማሳው ሲለመልም እንኳ ፊቷ አይፈታም። ከዛሪማ ሽቅብ የሚያቃስተውን አውቶቡስ ግን ከሁላችን ቀድማ ትሰማለች። ወንድሜ አልመጣም። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። ሳቁ ይናፍቀኛል፤ ዛሬም።

ደርግ ሲወድቅ ምጽዋ ወረድኩ። የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም። ወደቡ ዳር ቆሜ ውሃውን አየሁት፤ ከሥር ያለው ድንጋይ አንድ በአንድ ይለያል። እስኪመሽ ቁልቁል እያየሁ አለቀስኩ።

ስመለስ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ውሃውስ?"

"ጠርቷል" አልኳት።

"እንግዲያ ይመጣል" አለች። ያን መስከረምም እንግጫ አላሳሰረችኝም።