ሰባቱም ቱቦ ተንጠባጠበ

የብየዳ መምህሯን ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ብልጭታ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር ቅንድቧ በእሳት ፍንጣሪ እየተለበለበ አንድም ቀን ሞልቶላት አያውቅም፤ ደስ ካላት ደግሞ ወንበር አይችላትም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ሰባቱም ተማሪዎቿ ፈተና ወደቁ። ፈተናው ለአፍ ቀላል ነው፤ ሁለት ቱቦ በይዶ ማገጣጠም፣ ውሃ በግፊት መሙላት፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ሰባቱም ቱቦ ተንጠባጠበ።

ከተማሪዎቹ አንዷ የሁለት ልጆች እናት ናት። ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«መምህር፣ ለኔ በቃኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከብረት ጋር በሩቁ ሰላም እንባባላለን።»

«ይሁን። ነገ ጠዋት ግን ቱቦሽን ይዘሽ ነይ።»

ለሌሎቹም «ነገ ቀዶ ጥገና አለ፤ የቀረ ይቆጨዋል» ብላ ደወለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ የወደቀ ቱቦ የሚጣለው ቁርጥራጭ ብረት ክምር ላይ ነበር። ሰባት ተማሪ ባንዴ ሲወድቅባት ግን ነገሩ ከነከናት። ጠዋት የእናትየዋን ቱቦ ሞርሳ ላይ አስራ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቀችው። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን ይታይሻል?»

«ቀዳዳ።»

«ስንት?»

እናትየዋ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «አንዲት ብቻ ናት። ቆይ... የመበየጃ ዘንጉ፣ ኤሌክትሮዱ፣ አልቆብኝ የቀየርኩት እዚህ ጋ ነው። ብየዳው ላይ የደረቀውን ቅርፊት ሳልፍቅ ነው የቀጠልኩት።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ደህና ነው መሰለኝ።»

«እኔ ብሠራው የምኮራበት ነው። የወደቅሽው የምስር ፍሬ በምታክል ቦታ ነው፤ እሷንም ይኸው አወቅሻት።»

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው። መጋዙን ተሻሙበት። የራሱን ጥፋት ያገኘ ሁሉ ሎተሪ እንደደረሰው ይጮሃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየዱ፣ ሰነጠቁ፣ እንደገና በየዱ። እናትየዋ አሥራ አንድ ቱቦ አበላሸች፤ ከአሥራ ሁለተኛው ላይ ጠብታ ጠፋ።

በድጋሚው ፈተና መምህሯ እንዳትገባ ስለተከለከለች መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ፈታኝ የእናትየዋን ብየዳ በሶፍት ጠረገው። ሶፍቱ እንደደረቀ ነው።

«የት ሠርተሽ ነው የመጣሽው?»

«የትም። አሥራ አንድ ቱቦ አበላሽቼ ነው።»

ስድስቱ አለፉ። ሰባተኛው የሚንጠባጠብ ቱቦውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ መስኮቱ መጣ።

«መምህር፣ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ገምቻለሁ። ከመሰንጠቃችን በፊት እንወራረድ?»

ብልጭታ ቁልፏን ከኪሷ እየፈለገች ወርክሾፑን ልትከፍት ሮጠች።