ጋሼን ማን ያርማል?

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ባለው ድርጅታችን የምግብ ቤትና የግሮሰሪ ፍሪዘር እንጠግን ነበር። «እንጠግን» ስል እኔ ብሎን እንኳ ፈትቼ አላውቅም፤ ሥራዬ ስልክ ማንሳትና ቴክኒሺያኖቹን ማሰማራት ነበር። ጠጋኞቹ አራት ናቸው፤ ሁሉን አዋቂው ግን አንድ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሽማግሌ። የየትኛው ሱቅ ማሽን በምን እንደሚያስቸግር፣ መላውም ምን እንደሆነ የተቀመጠው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሌሎቹ ሲጨንቃቸው ለሳቸው ይደውላሉ፤ እሳቸውም መሰላል ላይ ቆመው ያስረዳሉ።

አንድ ዓመት በረዶው መጣል ሲጀምር ጋሼ ጉልበታቸው እንቢ አላቸውና፣ በረዶው ሲቀልጥ ሥራ እንደሚያቆሙ ተናገሩ። እኔ ስለ ዊኪ በማታ ትምህርት የተማርኩበት ሰሞን ነበር። ሁሉም የሚያውቀውን የሚጽፍበት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚያርምበት ድረ ገጽ እንክፈት አልኩ።

«እሳቸው እስኪወጡ ሞክሪው» አለኝ የድርጅቱ ባለቤት። «ያኔም ለሁሉ ነገር እሳቸው ጋ እየተደወለ ከሆነ ግን ጥገናውን እዘጋለሁ። ሁላችሁም ሌላ ሥራ ትፈልጋላችሁ።»

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ጋሼ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ኮምፒውተራችን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው አማርኛውን የምንጽፈው በላቲን ነበር፤ ላየው ሰው ያስቃል። በሁለት ወር ገጾቹ ሞሉ። ሁሉም ያነባል፤ አንዲት ፊደል የነካ ግን የለም። እኔ ሞኟ፣ ስህተት ስለሌለበት ነው ብዬ ኮራሁ።

አንድ ሰኞ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለ የሥጋ ቤት ፍሪዘር ተበላሸና አዲስ የተቀጠረችው ቴክኒሺያን ሄደች። አገር ቤት የኤሌክትሪክ መምህርት የነበረች፣ ጠንቃቃ ሴት ናት። ገጹን አንብባ፣ እንደተባለው አጥፍታ ጠገነች፣ አበራችና ወጣች። በማግስቱ ባለ ሥጋ ቤቱ ደወለ፤ ሥጋው ቀልጦ እየተንጠባጠበ ነው። ገጹ «ስታበሩት በራሱ ይነሳል» ይላል። ለአሮጌዎቹ ፍሪዘሮች እውነት ነው። አዲሶቹ ግን ከጠፉ በኋላ የቅዝቃዜው ልክ እንደገና ካልተሞላላቸው አይቀዘቅዙም።

ሁለቱን ነባር ቴክኒሺያኖች ጠራኋቸው።

«ይሄን ታውቁ ነበር?»

«አዎ፣ እናውቃለን» አለ አንደኛው።

«ታዲያ ለምን ኤዲት አላደረጋችሁትም?»

ሁለተኛው ቀበል አደረገው። «የጋሼን ቃል እንዴት ብለን እናጥፋ? ነውር አይደለም? ዝም አይነቅዝም ብለን ነው።»

«ዝም አይነቅዝም፤ ሥጋ ግን ይሸታል!» አልኳቸው። ደሜ ፈልቶ ነበር። ሴትዮዋ ጥፋቱ የሷ መስሏት ጥግ ይዛ ታለቅሳለች።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን አፈርኩ። ለጋሼ ልነግራቸው ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ለካ እኔም ያው ነኝ።

ከሰዓት ራሳቸው መጡና የሁላችንን ፊት አይተው ምን እንደሆንን ጠየቁ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። ከዚያ ወንበሬን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

«የሚታረመው በየት በኩል ነው?»

አሳየኋቸው። በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ፣ የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር አጠፉና «ተሳስቻለሁ፤ የሚያውቅ ያርመው» ብለው ጻፉ። ወደ ሁለቱ ዞሩ።

«በስህተቴ ስትነሱና ስትወድቁ እንድትኖሩ ነው የምተዋችሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ሴትዮዋን ጠሩና ወንበሩን ለቀቁላት። «ነይ ልጄ፣ አንቺ ጻፊው። ዛሬ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገጾቹ በየቀኑ ይለወጡ ጀመር፤ አንዱ ያርማል፣ ሌላው ያንን መልሶ ያርማል። የጋሼ ስልክ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ባለቤቱም ስለ መዝጋት ማውራቱን ተወ። ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ።

ጋሼ በተሰናበቱበት ቀን ያንን የፍሪዘር ገጽ ክፈቺልኝ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። ከሳቸው ቃል አንድም አልቀረም። እንዳይከፋቸው ፈራሁ።

«መጨረሻ የጻፈው ማነው?» አሉ።

አዲሷ እንደሆነች ነገርኳቸው። ባለቤቱ በዚህ መሀል ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ሲጨንቀን እንደውልልዎታለን፣ አይደል?» አላቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለእሷ ደውሉ» አሉት።