ፕላዝማውን የቀደመው ክፍል

የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ከፋ ውስጥ ዋጫ ከተማ ስመደብ ከደሴ ገና መምጣቴ ነበር። በዚያ ዘመን ትምህርቱ የሚሰጠው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። በስክሪኑ የምትታየው መምህርት ታስረዳለች፣ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ትጠብቅና መልሱን ራሷ ትናገራለች። የእኔ ዘጠነኛ ክፍሎች በዝምታ ያዩዋታል። በሰዋስው የሚስተካከላቸው የለም፤ ጆሯቸው ግን አልተከፈተም።

አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ፣ «ቲቸር፣ እኔ አንዱን ቃል ስይዝ እሷ ስንቱን አልፋ ሄዳለች» አለችኝ።

ቤቷ የሚነገረው የከፋዎች ቋንቋ ካፊኖኖ ስለሆነ፣ «አማርኛን እንዴት ለመድሽ?» አልኳት።

«ሺሺንዳ ገበያ፣ ከእናቴ ጋር። ሁሉም አይገባኝም ነበር። ሰውየው ኮረሪማ እንደሚፈልግ ከገባኝ ይበቃኛል።»

መልሷ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቅዳሜ በሚኒባስ ቦንጋ ሄጄ፣ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቪዲዮዎችና ንግግሮች በፍላሽ መገልበጥ ጀመርኩ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አንዷ ቪዲዮ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። የቤቱ ባለቤት፣ «መምህር፣ ዛሬም ያ የብስክሌት ጠጋኙ ቪዲዮ አልወረደልህም?» እያሉ ይስቁብኛል።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ላፕቶፕና ስፒከር ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ አሰማኋቸው።

«ቃል በቃል አትከተሉት። ማን ነው የሚያወራው? የት ሆኖ? ተናዷል ወይስ ደስ ብሎታል?»

«ብረት ይንኳኳል!» አለ አንዱ። «ጋራዥ ነው!» አለች ሌላዋ። ከዚያ ምስሉን ሳሳያቸው ግምታቸው ልክ ሆኖ ስላገኙት ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ የሚቀር ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ ስፒከሩን ከብበው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያዳምጣሉ።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት የፕላዝማዋ መምህርት የአንድ መንገደኛ ታሪክ አነበበችና ባቡሩ ለምን እንዳመለጠው ጠየቀች። ያቺ ልጅ ከኋላ ብድግ ብላ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «ሌላ ጣቢያ ቆሞ ሲጠብቅ ነው!» አለች። መምህርቷም ያንኑ መልስ ተናገረች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጣዩን ጥያቄ ግማሹ ክፍል፣ የመጨረሻውን ሁሉም በአንድ ድምፅ መለሱት።

ርእሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ። «ምን ተፈጠረ?»

«ገብቷቸው ነው» አልኳቸው።

እስከ ደወሉ ድረስ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ትከሻዬን ቸብ አድርገው፣ «ይሄ ነገር ለሁሉም ሴክሽን ይዳረስ» አሉኝ።

በሳምንቱ ክፍሉ ስላልበቃን ወደ አዳራሹ ተዛወርን። ስፒከሩን የምትከፍተው ልጅቷ ነበረች። በዕድሜ የሚበልጧት አሥረኛ ክፍሎች ፊት ቆማ፣ «ዝም በሉና ስሙ» ስትል አዳራሹ ጸጥ አለ።