የጤና ጣቢያው ፒክአፕ

ጋራዥ የገባሁ ቀን ጋሽ ሰይድ እጄን ገልብጠው አዩና፣ «ይኼ የመቋሚያ እጅ ነው» አሉ። አልተሳሳቱም። አባቴ ላሊበላ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም እስከዚያ ድረስ ዜማ ስማር ነበር ያደግሁት። ድምፅ ግን አልነበረኝም። አባቴ ይኼን ከማንም በፊት ስላወቁ፣ ወልድያ ሄጄ መካኒክነት ልማር ስላቸው ብዙም አልተቃወሙኝም። «እንግዲያው የምትሠራውን ደህና አድርገህ ሥራ» ብለው መርቀው ሸኙኝ።

ጋሽ ሰይድ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበሩ። ከሳቸው በታች ሁለት መካኒኮች፣ ከነሱ በታች ሦስት ረዳቶች፣ ከሁሉም በታች አጣቢ። እኔ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ ከጭነት መኪና የወረደ ባሌስትራ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ነበር። ባሌስትራ ከኋላ አክስል ላይ ተደራርቦ የሚታሰር ጎበጥ ያለ የብረት ንጣፍ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው።

ጎበዝ ለመባል ቸኮልኩ። ንጣፎቹን አንድ በአንድ ለይቼ ላጥባቸው ብዬ፣ ብረት አጣብቆ የሚይዘው ሞርሳ ላይ ሳላስር የመሃሉን ቡሎን ፈታሁ። የቡሎኑ ዳዶ ጫፍ ሲደርስ ንጣፎቹ ተፈናጠሩና አንዱ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ጋሽ ሰይድ ደሜን በጨርቅ ይዘው፣ «ወላሂ፣ ዓይንህን አላህ ነው ያተረፈልህ» አሉኝ። አልተቆጡም። ደሙ ሲቆም ባሌስትራ ሞርሳ ላይ እንዴት እንደሚታሰር፣ ዳዶው እንዴት ቀስ እየተባለ እንደሚላላ አሳዩኝና ያንኑ ባሌስትራ መልሰው ሰጡኝ።

ረዳት ለመባል ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። መካኒክ ለመባል ደግሞ ሌላ አራት። ሞተሩንም ካምቢዮውንም ፍሬኑንም ተማርኩ፤ የወደድኩት ግን ከመኪና ሥር ተንጋልሎ ባሌስትራና ነውጡን የሚያበርደውን አሞርዛተር መሥራት ነበር። ሚስት ሳገባ ወደ ላሊበላ ተመለስኩና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወርደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ከፈትኩ።

ስሜን ያስጠራልኝ ከወገል ጤና ከተማ ምስር የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። ፒክአፑን ሲጭናት ኋላዋ መሬት ልትነካ ትደርሳለች። ከትልቅ መኪና የወረዱ ሁለት ወፍራም ንጣፎች ቆርጬ ጨመርኩላት። በሚቀጥለው ገበያ በፊት ከሚጭነው በላይ ጭኖ፣ መኪናዋ ሳትጎብጥ መጣ። ሰውየው ወሬኛ ነበር፤ ከደላንታ እስከ ላስታ ሳይናገር የቀረበት ገበያ የለም። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ «ደሳለ ባሌስትራ» ይለኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ የሆቴል ባለቤትም መጣና፣ «መኪናዬን ከፍ አድርግልኝ፤ ቁመት ይኑራት» አለኝ። ከፍ አደረግሁለት። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ፣ «ዝቅ አድርጋት፤ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ መሳፈር አቃታቸው» አለኝ። ተሳሳቅን። እኔ ግን ከመሳቅ አልፌ አላሰብኩበትም።

ፈንታው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ፈንታው ገጠር ውስጥ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ ሾፌር ነው። የያዛት ሲንግል ጋቢና ፒክአፕ ከኋላ ሸራ የተወጠረባት፣ ቱርቦ የሌላት የናፍጣ መኪና ናት። እኩያዬ ስለሆነ በአንተ ነው የምንነጋገረው።

«ካፖ፣ ዳገት ላይ ትሞትብኛለች» አለኝ። «ጉልበት ስጣት። መድኃኒት ስጭንባት ደግሞ ኋላዋ ቁጭ ይላል። አጠንክራት።»

ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። የናፍጣ ፖምፓውን ከፍ አደረግሁ። ከኋላ እንደ ምስር ነጋዴው ሁለት ወፍራም ንጣፍ ጨመርኩ፤ የፊቱንም አጠበቅሁት። ከዚያ እኔ ጋቢና ከፈንታው ጎን ተቀምጬ እስከ ነአኩቶ ለአብ መታጠፊያ ሄደን ተመለስን። መኪናዋ ባዶዋን ስለነበረች በረረች። ጥቁር ጭስ ትተፋ ነበር፤ እኔ ግን የጉልበት ምልክት ነው ብዬ አለፍኩት። ፈንታው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እየሣቀ ሄደ።

አንድ ወር እንኳ አልቆየም። አንድ ቀን ጠዋት ፈንታው አንዲት ሴት ይዞ መጣ። አንገቱን ደፍቷል። ሴትዮዋ ቀጠን ያለች ናት፤ ነጭ ጋወኗን አጥፋ ክንዷ ላይ ይዛለች። ሲስተር ዘነበች ትባላለች፤ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ።

«ጋሽ ደሳለ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ትናንት ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ሆስፒታል ይዘን ስንመጣ ዳገቱ መሃል ሞተሩ ፈላ። የቀረውን መንገድ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አደረሷት።»

«እሷስ?»

«ተርፋለች። ልጁም ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የመጣሁት ለክስ አይደለም። ግን ሞተሩ ሳይፈላም ሴትዮዋ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት? ‹አውርዱኝና በእግሬ ልሂድ› ነው ያለችኝ። እዚያ ምጥ ላይ ሆና።»

እኔም እንደ ባለሙያ ማስረዳት ጀመርኩ። መኪናዋ ጭነት እንዳለባት፣ ባሌስትራው ለጭነት ተብሎ እንደ ጠነከረ።

«ጭነቷ ምንድን ነው ብለው ነው?» አለችኝ።

«መድኃኒት ነዋ።»

«መድኃኒት በወር አንድ ቀን ነው የምንጭነው። በሌላው ቀን የምንጭነው ሰው ነው።» ድምፅዋን አለሳለሰች። «አንድ ነገር ልለምንዎት ጋሽ ደሳለ። እዚያ ከኋላ ሕመምተኛ የሚተኛበት ፍራሽ ላይ ይተኙና ፈንታው ይንዳዎት። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሠራተኞቼ እያዩኝ ነበር። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከኋላ ወጥቼ ስስ ፍራሿ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ፈንታው አስፋልቱን ትቶ ወደ ገጠር በሚወስደው ፒስታ ገባ።

በመጀመሪያው ጉድጓድ ከፍራሹ ተነሥቼ ወደቅሁ። በሁለተኛው ጭንቅላቴ ከጎኑ ብረት ጋር ተጋጨ። የምይዘው ነገር ፈልጌ የሸራውን ብረት ጨበጥኩ። ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ወገቤ ላይ በመዶሻ የሚመቱኝ ይመስል ነበር። ያን ሁሉ የምትመታኝ ደግሞ በገዛ እጄ ቆርጬ ያሰርኳት ብረት ናት። ቁስል የለብኝ፣ ምጥ የለብኝ፣ እኔው ጤነኛው «ፈንታው፣ በቃ! አቁም!» ብዬ ጮህኩ። በሞተሩ ድምፅ አልሰማኝም።

ስንመለስ ወርጄ ቧንቧው ጋ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ። ፈንታውን፣ «ለምን እንዲህ ናት ብለህ ቀድመህ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ጋቢና ውስጥ እኮ አይታወቅም» አለኝ።

አልተናደድኩበትም። እኔም የሞከርኳት ጋቢና ተቀምጬ ነበር።

ሌላ ሥራ ተቀብዬ የነበረ ቢሆንም ባለቤቶቹን ይቅርታ ጠይቄ ፒክአፗን ብቻ ያዝኩ። መጀመሪያ ፖምፓውን ወደ ነበረበት መለስኩ። ይኼን ለወጣት መካኒኮች ላስረዳ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ ለሌላት መኪና ናፍጣ ብትጨምርላት የምታቃጥልበት አየር የላትም፤ ትርፉ ጥቁር ጭስና ግለት ነው። ኖዝሎቹን አጸዳሁ፤ የአየርና የናፍጣ ፊልትሮቹን ቀየርኩ፤ ራዲያተሩን አውርጄ አጠብኩት። ውስጡ በጭቃ ግማሽ ያህሉ ተደፍኖ ነበር።

ከዚያ ዓይኔ ጎማዎቹ ላይ ዐረፈ። ለመኪናዋ ከተፈቀደው ይተልቃሉ።

«እነዚህን ማን አሰራቸው?» አልኩት።

«እኔ» አለ ፈንታው። «ያምሩባታል።»

«ያምሩባታል፤ ግን ዳገት ላይ የሚገድሏት እነሱ ናቸው። አንተ ሁለት ቁጥር የሚበልጥህን ቦቲ አድርገህ ዳገት ወጥተህ ታውቃለህ?»

ተከራከረኝ። ሲስተር ዘነበች ግን የድሮዎቹ ጎማዎች ጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ መኖራቸውን ታውቅ ነበርና በማግሥቱ በሌላ መኪና አስልካቸው መጡ። ፈንታው ትልልቆቹን ሲያወርድ ፊቱ ዘመድ የሚሸኝ ይመስል ነበር።

የአሞርዛተሩ ምርጫ ደግሞ በስልክ ነበር። ወልድያ ያለው የመለዋወጫ ሻጭ ሁለት ዓይነት አለኝ አለ። «ጠንካራውን ልላክልህ። ሰዉ ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው፤ ዕድሜም አለው።»

«ለስላሳውን ላክልኝ» አልኩት።

«ደሳለ ባሌስትራ ነህ ወይስ ሌላ ሰው ነው?» ብሎ ሣቀብኝ። በአውቶቡስ ላከልኝ።

የጨመርኳቸውን ሁለት ወፍራም ንጣፎች አወጣሁ። በባሌስትራው ጫፎች የሚገቡትን ያለቁ ትንንሽ ጎማዎች ቀየርኩ፤ የፊቱንም አላላሁት። አንድ ችግር ግን ቀረ። የመድኃኒቱ ቀን ሲመጣ ኋላዋ እንደገና መቀመጡ ነው። ይኼን ሳስብ ዋልኩ። በመጨረሻ ከትንሽ መኪና የወረደ አንድ ስስ ንጣፍ ወስጄ ቀጥ አደረግሁትና ከሁሉም በታች አሰርኩት። መኪናዋ ሰው ብቻ ስትጭን ጫፎቹ ሌሎቹን አይነኩም። የመድኃኒቱ ካርቶን ሲከመርባትና ሌሎቹ ንጣፎች ሲተኙ ግን ደርሶ ያግዛቸዋል። እንዲያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ለሙከራው እንደገና ልተኛ ስል መኪናዋን ልትረከብ የመጣችው ሲስተር ዘነበች ከለከለችኝ። «አሁን ተራው የኔ ነው» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ፍራሹ ላይ ተኛች። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያንኑ ፒስታ ሄድን። እኔ ፊቷን እያየሁ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሼን እውጥ ነበር። ስንቆም ተነሥታ ተቀመጠች።

«አሁንም ይነቀንቃል» አለች። «ግን ሰው ይችለዋል።»

ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ይኼ ይበልጥብኛል።

ከዚያ ሠራተኞቼን ከኋላ ጭነን ያንን ሞተሩ የፈላበትን ዳገት ወጣን። ፈንታው በሁለተኛ ማርሽ ያዛት። የሙቀት መለኪያው ከመሃል ንቅንቅ አላለም፤ ጭሱም ጠፋ። አናቱ ላይ ስንደርስ ፈንታው፣ «ቀርፋፋ ናት» አለ።

«ቀርፋፋ ናት» አልኩት። «ግን ደረሰች።»

በዓመቱ ለገና በዓል ከተማው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ ፈንታው ልጅ ያዘለች አንዲት የገጠር ሴት ይዞ ጋራዤ መጣ። ያቺ በቃሬዛ የደረሰችው ናት። «ያንገላታሽ ሰውዬ ይኸውልሽ» ብሎ አስተዋወቀን። የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሣቀች።

«ይተውት አባቴ፤ አለፈ እኮ» አለች። «ባለፈው ይኼው ልጅ ታሞብኝ በዚያችው መኪና ነው ያመጡን። መንገዱን ሙሉ እቅፌ ላይ ተኝቶ ደረሰ።»

ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችኝ። እጄ የግራሶ ቅባት ስለነበረበት በክንዴ ነው ያቀፍኩት። ፈንታው መሪውን አሳየውና ጡሩንባ አስነፋው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፒክአፕ ሠርቻለሁ። ጉልበት የሚፈልግም፣ ቁመት የሚፈልግም፣ ጭነት የሚፈልግም ይመጣል። ቁልፍ ከማንሣቴ በፊት ምን እንደምትጭን እጠይቃለሁ፤ ሠርቼ ስጨርስ ደግሞ ጭነቱ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጬ እሄዳለሁ። መኪና ከሾፌሩ ወንበር ብቻ አይሞከርም።